በሌላ ስም ዘምቶ የቀረውን አየርላንዳዊ አጎት ከየት እንፈልገው?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብሊን ነው፤ ባለቤቴ አየርላንዳዊ ነው። አማቴ 82 ዓመታቸው ነው። የአባታቸው ታላቅ ወንድም ጆን፣ በ1895 የተወለደ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዝ ጦር ጋር ዘምቶ አልተመለሰም። ቤት ውስጥ የሚወራው ‹በሌላ ስም ነው የገባው› የሚል ብቻ ነው። በምን ስም እንደገባ የሚያውቅ የለም። በእውነተኛ ስሙ በየመዝገቡ ፈልገን አጣነው። ያለን አንድ ከጦር ሜዳ የመጣ ፖስት ካርድ ነው፤ ‹ጆን› ብሎ ፈርሞበታል፣ ሌላ ጽሑፍ የለውም። (እናቱ ከጦርነቱ በኋላ በየሳምንቱ ፖስታ ቤት እየሄዱ ብር ይቀበሉ ነበር ይባላል።) አማቴ በሕይወት እያሉ የት እንደተቀበረ ብነግራቸው ደስ ይለኛል። ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በቅንፍ ውስጥ ጣል ያደረግሻት ዓረፍተ ነገር ናት ዋናዋ። ከእሷ እንጀምር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ መዝገቦቹ በዚያ ስለሆኑ ይቀልሻል።)

እናትየው በልጃቸው ሞት ምክንያት በየሳምንቱ ብር ተቀብለው ከሆነ፣ የሆነ ቢሮ ውስጥ አንድ ጸሐፊ ሁለት ስሞችን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፏል ማለት ነው። አንደኛው ጆን የዘመተበት ስም ነው። ሁለተኛው የእናቱ ስም። መንግሥት ዝም ብሎ ለማንም እናት አይከፍልም። እሳቸው «ይህ በዚህ ስም የሞተው ወታደር የኔ ልጅ ነው» ብለው አሳምነዋል። ያ ወረቀት ወይም የሱ ግልባጭ ነው የምንፈልገው።

እስካሁን የፈለጋችሁት ስሙን ነው። ስሙን ደግሞ እሱ ራሱ ደብቆታል። እናቱን ግን አልደበቀም። የትውልድ መንደሩንም ብዙ ጊዜ አይደብቁም። ዘመዶቹን፣ ቀበሌውን፣ ብሩ የተላከበትን አድራሻ ተከተሉ። ስሙ ራሱ እዚያ ይጠብቃችኋል።

ነገር ግን መጀመሪያ አንድ ነገር እናጣራ። በዚያ ዘመን በየሳምንቱ ፖስታ ቤት የሚያስኬድ ሌላ ብርም ነበር። ከጃንዋሪ 1909 ጀምሮ 70 ዓመት የሞላቸው ድሆች የእርጅና ጡረታ ያገኙ ነበር፤ ሙሉ ክፍያው በሳምንት 5 ሺሊንግ ነው። የቤተሰብ ወሬ ደግሞ ሁለቱን ጡረታዎች በቀላሉ ያምታታል። ስለዚህ የእናትየውን ዕድሜ እወቂ። የ1901 እና የ1911 የአየርላንድ ሕዝብ ቆጠራ ቅጾች በአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይታያሉ። ቤተሰቡን በሁለቱም ፈልጊ። እናትየው በ1911 አርባዎቹ ውስጥ ከሆኑ፣ ከጦርነቱ በኋላ ባሉት አሥር ዓመታት የተቀበሉት ብር የእርጅና ሊሆን አይችልም። የ1911ዱን ዕድሜ ብቻ አትመኚ። ጡረታው ከመጣ በኋላ በአሥር ዓመት ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ያረጁ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከ1901ዱ ጋር አስተያዪው።

እዚያው የ1911ዱ ቅጽ ላይ ሳለሽ አንድ ነገር ልብ በይ። ባለትዳር ሴቶች ስንት ልጅ እንደወለዱና ስንቱ በሕይወት እንዳሉ ተጠይቀው ነበር። ቁጥሩን ጻፊው። የሁሉንም ልጆች ስም ከልደት መዝገብ አሟዪ። ለምን እንደሆነ አሁን እነግርሻለሁ።

እኛ ሰባት ቤት እየቆጠርን ያደግን ሰዎች አንድ ነገር ያምታታናል። በኛ አገር ሁለተኛው ስም የአባት ነው፤ በየትውልዱ ይቀየራል። እነሱ ጋ የቤተሰብ ስም አንድ ነው፤ ከአያት ቅድመ አያት ይወርዳል። ስለዚህ ያንን ስም የለወጠ ልጅ ከመላው ቤተሰቡ በአንድ ቀን ወጣ። መዝገብ ውስጥ ከወንድሙ ጎን አይቀመጥም። ለዚህ ነው እናንተም ያጣችሁት።

ታዲያ ለምን ለወጠው? ምክንያቱን ካወቅሽ ስሙን ለመገመት ይረዳሻል። ያኔ ለመመዝገብ ሕጋዊው ዕድሜ 18 ነበር፤ ባሕር ማዶ ለመላክ 19። ከዚያ በታች የሆነ ልጅ የታላቅ ወንድሙን ስም ይዞ ይገባ ነበር። ጆን ግን በ1895 ከተወለደ ዕድሜው ደርሷል፤ ይህኛው አይመስለኝም። ከአንዱ ሬጅመንት ጠፍቶ በሌላው የተመዘገበም ነበር። ቀድሞ በጤና ምክንያት የተመለሰ ይኖራል። ከሚስት ወይም ከዕዳ የሸሸ ይኖራል። አየርላንድ ውስጥ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የከበደ ምክንያት ነበር። አባት ወይም ወንድም የነፃነት ደጋፊ ከሆነ፣ የእንግሊዝን ልብስ መልበስ ቤት የሚያፈርስ ነገር ነው። በተለይ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ ከተነሣው ከ1916ቱ የፋሲካ አመፅ በኋላ።

አየርላንድ ውስጥ በዚያ ጦርነት የግዳጅ ምልመላ ተግባራዊ ሆኖ አያውቅም። በ1918 ሕጉ ወጣ፤ ሕዝቡ ተቃወመ፤ ቀረ። ስለዚህ ጆን በፈቃዱ ነው የሄደው። «ለምን ለጠላት ተዋጋ?» ብለሽ አትፍረጂበት። ድህነት ብዙውን ወደ ጦር ሰፈር አስገብቶታል፤ ያውም ከጥንት ጀምሮ። ኤፕሪል 13 ቀን 1868 መቅደላ ላይ ከእንግሊዝ ወታደሮች መጀመሪያ የገቡት ሁለቱ፣ የ33ኛው ሬጅመንት ከበሮ መቺ ማይክል ማግነርና ተራ ወታደር ጄምስ በርጊን፣ ሁለቱም አየርላንድ የተወለዱ ናቸው። እኛ «እንግሊዝ መጣ» የምንለው ጦር ውስጥ የጆን ዓይነት ድሃ ገበሬ ልጆች ብዙ ነበሩ።

ስም ማጭበርበሩ ራሱ ቀላል ነበር። የመመዝገቢያው ቅጽ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስምህ ማን ነው?» ብሎ ነው። ውሸት እንደሚያስቀጣ ያስጠነቅቃል። የልደት ወረቀት አምጣ የሚለው ግን አልነበረም። የተናገርከው ስም ስምህ ይሆናል።

አሁን ስሙን እንገምት። ሰው የሐሰት ስም ሲያወጣ ከባዶ አይፈጥርም። በድንገት ሲጠራ ዞር እንዲል የራሱን የመጀመሪያ ስም ይይዛል። ካርዱ ላይ «ጆን» ብሎ መፈረሙም የመጀመሪያ ስሙን እንዳልጣለ ይጠቁማል። የቤተሰብ ስሙን ግን ይቀይራል። ከሁሉ በፊት የምሞክረው የእናትየውን የልጅነት ስም ነው፤ ከማግባታቸው በፊት የነበረውን። ሲቀጥል የአያት ሴቶቹን የልጅነት ስም። ከዚያ ታላቅ ወንድም ካለ የሱን ሙሉ ስም፤ ልጆቹን ሁሉ ቁጠሪ ያልኩሽ ለዚህም ነው። የጎረቤትና የአሠሪ ስምም ይወሰዳል። አንዳንዱ ደግሞ የአይሪሽ ስሙን ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉመዋል። ማክጋዋን የሚባሉ ሰዎች ስሚዝ ይሆናሉ፤ «ጋዋ» በአይሪሽ ቋንቋ አንጥረኛ ነውና። ወይም ፊት ላይ ያለውን «ኦ» እና «ማክ» ይጥላል። የኋለኛው እንዲያውም እንደ ማጭበርበር አይቆጠርም ነበር፤ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ይጻፋል።

የእናትየውን የልጅነት ስም ለማግኘት የጆንን ወይም የወንድሞቹን የልደት ምዝገባ ክፈቺ። አየርላንድ ውስጥ የሁሉም ሰው ልደት መመዝገብ የጀመረው በ1864 ነው። የመቶ ዓመት ዕድሜ ያለፋቸው ምዝገባዎች ምስላቸው በመንግሥቱ የዘር ሐረግ ድረ ገጽ ላይ በነፃ አለ። የእናት የልጅነት ስም ከአባት ስም ቀጥሎ ባለው ዓምድ ይጻፋል። ከዚያ በፊት ለነበሩት የካቶሊክ ደብሮች የጥምቀት መዛግብት በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ አሉ። ቆጠራውን ግን ከ1901 ወደ ኋላ አትፈልጊ። የ1881ና የ1891ዱ በመንግሥት ትእዛዝ ወደ ወረቀት ጥሬ ዕቃነት ተለውጧል። ከዚያ የቀደሙትም አንዳንዶቹ ቀድመው ተደምስሰዋል፤ የቀሩት ጁን 30 ቀን 1922 የደብሊኑ ቤተ መዛግብት ሲቃጠል ከጥቂት በስተቀር አብረው ነደዱ።

አሁን ወደ ካርዱ። እኔ ብሆን ዛሬውኑ አውጥቼ በጥሩ ብርሃን አየዋለሁ።

የገለጽሽው ለወታደሮች የሚታደለው የታተመ ካርድ ይመስላል። «ደኅና ነኝ»፣ «ሆስፒታል ገብቻለሁ»፣ «ደብዳቤህ ደርሶኛል» የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች ታትመውበታል። ወታደሩ የማይመለከተውን ይሰርዛል። ከፊርማና ከቀን ሌላ አንድ ቃል ከጨመረ ካርዱ እንደሚወድም እዚያው ተጽፏል። ስለዚህ ጆን ምንም ያልጻፈው እናቱን ረስቶ አይደለም። ሕጉ ነው። የቤተሰብ ስሙን አለመጻፉ ደግሞ ጥበብ ነው፤ እውነተኛውን ቢጽፍ ጦር ሰፈሩ ውስጥ ያስጠይቀዋል፣ የሐሰቱን ቢጽፍ ቤት ውስጥ ያስጠይቀዋል። አማትሽ ይህን ቢያውቁ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል። ያ ባዶ ካርድ ባዶ አይደለም።

ሦስት ነገር እዪ። ቀኑን። የትኞቹ ዓረፍተ ነገሮች እንዳልተሰረዙ። ከዚያ ገልብጠሽ ማኅተሙን። የጦር ሜዳ ፖስታ ቤቶች ማኅተም ቁጥር ነበረው። ቁጥሩ ከቀኑ ጋር ሲታይ ካርዱ በየትኛው ክፍለ ጦር ወይም ብርጌድ ፖስታ ቤት በኩል እንዳለፈ ሊነግር ይችላል። እነዚህን ቁጥሮች የሚተረጉሙ የፖስታ ታሪክ ሰብሳቢዎች አሉ፤ ፎቶ ብትልኪላቸው ደስ ብሏቸው ይመልሱልሻል። በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ወታደሮች አንድ ክፍለ ጦር ላይ ከወረድሽ ሥራው በጣም ቀለለ።

ቀጥለሽ የሞቱትን መዝገብ ክፈቺ። የኮመንዌልዝ የጦርነት መቃብሮች ኮሚሽን በ1917 የተቋቋመ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ለየቤተሰቡ ቅጽ ልኮ የወላጆችን ስምና አድራሻ ጠይቋል። ብዙ እናቶች የልጃቸውን እውነተኛ ስም የተናገሩት ያኔ ነው። ለዚህም ነው በመዝገቡ ላይ «በእገሌ ስም ያገለገለ» የሚል ማስታወሻ ብዙ ጊዜ የምታገኚው። ሌላ ጊዜ ማስታወሻው የለም፤ ነገር ግን ወታደሩ በአንድ ስም፣ ወላጆቹ በሌላ ስም ተጽፈዋል።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው የቤተሰብ ስም እየጻፈ በመፈለጉ ነው። የስሙን ሳጥን ባዶ ተዪው። «ተጨማሪ መረጃ» በሚለው ሳጥን የመንደሩን ወይም የደብሩን ስም ብቻ ጻፊ። የሚመጡትን አንድ በአንድ አንብቢ። የመንደሩን ስም የሚጽፉበት መንገድ ይለያያል፤ በሦስት በአራት አጻጻፍ ሞክሪ። ወላጆቹ የእናንተ ሰዎች የሆኑ፣ ስሙ ግን የእናንተ ያልሆነ አንድ ወታደር ብቅ ሊል ይችላል። በ1921 በ80 ጥራዝ በታተመው የሟቾች ዝርዝርም እንዲሁ በትውልድ ቦታ መፈለግ ይቻላል፤ የተወለደበትን፣ የኖረበትንና የተመዘገበበትን ቦታ ይሰጣል።

እጩ ስም ካገኘሽ በኋላ የሚመጣው መዝገብ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ነው። የሟች ወታደሮች የሒሳብ መዝገብ ይባላል። ወታደር ሲሞት ያልተከፈለው ደመወዝ ለማን እንደተሰጠ የተጻፈበት ነው፤ ዋናው ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሙዚየም አለ፣ ከ1901 እስከ 1929 ያለውን ይሸፍናል። አንድ መስመር ነው። ስም፣ ሬጅመንት፣ ቁጥር፣ የሞተበት ቀን፣ ብሩ፣ ከዚያ «እናት» ተብሎ ስሟ። የሐሰት ስም የያዘ ወታደር ገንዘብ የእውነተኛዋ እናት እጅ ላይ ሲያርፍ የምታዪው እዚያ ነው።

በዚያው መስመር ላይ «የጦርነት ጉርሻ» የሚል ሁለተኛ ክፍያ አለ። ይህንን አስሊው። ባሕር ማዶ ለዘመተ ተራ ወታደር የመጀመሪያዎቹ 12 ወራት 5 ፓውንድ ነው። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ወር 10 ሺሊንግ ይጨመራል። እንበልና ሰውየው ሴፕቴምበር 9 ቀን 1916 ፈረንሳይ ውስጥ ጊንቺ ላይ ሞቷል፤ 16ኛው የአየርላንድ ክፍለ ጦር ያቺን መንደር የያዘበት ቀን ነው። ጉርሻው ደግሞ 8 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ነው። አምስቱን ፓውንድ ቀንሺ፤ 3 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ይቀራል። አንድ ፓውንድ 20 ሺሊንግ ስለሆነ ይህ 70 ሺሊንግ ነው፤ ሰባት ወር። 12 ሲደመር 7፣ 19 ወር። ወደ ኋላ ቁጠሪ፤ ሰውየው የተመዘገበው ፌብሩዋሪ ወይም ማርች 1915 ላይ ነው። አሁን አማትሽን «ጆን ከቤት የጠፋው በምን ወቅት ነው ሲባል ሰምተዋል?» ብለሽ ጠይቂ። «ከቅዱስ ፓትሪክ በዓል በፊት» ካሉሽ፣ በዓሉ ማርች 17 ነው፤ ልብሽ ይመታል።

ኑዛዜም አትርሺ። የወታደሩ የደመወዝ ደብተር ውስጥ አጭር የኑዛዜ ገጽ ነበር። «ብሞት ያለኝን ሁሉ ለእናቴ ለወይዘሮ እገሊት እሰጣለሁ» ብሎ በእርሳስ ሞልቶ ይፈርማል። ወደ 9,000 የሚጠጉ የአየርላንድ ወታደሮች ኑዛዜዎች በብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ ድረ ገጽ ላይ አሉ። የሐሰት ስም የያዘ ልጅ እዚህ ይጋለጣል፤ ታች በአንዱ ስም ይፈርማል፣ ላይ የእናቱን እውነተኛ ስም ይጽፋል። ካልጻፈ እናቱ ብሩን ለማግኘት ትቸገራለች። እኔ እንዲህ ያለውን ገጽ ሳይ ዝም ብዬ የምቀመጥበት ጊዜ አለ። ያን ሁሉ ጊዜ የደበቀውን ነገር ለእናቱ ሲል በአንዲት መስመር ይገልጠዋል።

አሁን ወደ ጡረታው። የጦርነቱ የጡረታ ካርዶችና መዛግብት ከስድስት ሚሊዮን በላይ ናቸው። የመከላከያ ሚኒስቴሩ ሊያስቀምጣቸው ባለመቻሉ በ2012 አንድ የታሪክ ማኅበር፣ የዌስተርን ፍሮንት አሶሲዬሽን፣ ተረክቦ ከመጥፋት አዳናቸው። ዛሬ በክፍያ በኢንተርኔት ይታያሉ። አየርላንድ ነፃ ከወጣች በኋላም የእንግሊዝ መንግሥት ለሟቾች ቤተሰብ መክፈሉን አላቆመም፤ የእናትየው ካርድ ከ1922 በኋላ የተጻፈባት ነገር ሊኖር ይችላል። ካርዶቹ የተደረደሩት በወታደሩ ስም ነው፤ ማለትም በሐሰቱ። ስለዚህ እጩ ስሞችሽን ይዘሽ ግቢ። ማውጫው በተጠሪ ስም መፈለግ በሚፈቅድበት ቦታ ደግሞ የእናትየውን ስም ሞክሪ። ካርዱ ላይ አድራሻ አለ። በ1911 ቆጠራ ካለው መንደር ጋር ከገጠመ ጨርሰሻል ማለት ይቻላል።

የአገልግሎት ፋይሉን በተመለከተ ተስፋሽን አታብዢ። በሴፕቴምበር 1940 ለንደን በቦምብ ስትደበደብ መጋዘኑ ተቃጥሎ ከግማሽ በላይ ፋይሎች ጠፍተዋል። የተረፉት ጠርዛቸው የጠቆረ ነው። ከተረፈ ግን ውስጡ «እውነተኛ ስሜ ይህ ነው» ብሎ በዳኛ ፊት የማለበት ወረቀት ሊኖር ይችላል፤ ብዙ ወታደሮች በኋላ እንዲህ አስተካክለዋል። የሜዳሊያ ካርዶች ግን በአብዛኛው ተርፈዋል። እዚያ ላይ አንዳንዴ ሁለት ስም ጎን ለጎን ታገኛለሽ።

አየርላንዳዊ ስለሆነ ከአየርላንድ ሬጅመንት ጋር ብቻ ነው የዘመተው ብለሽም አትደምድሚ። ሊቨርፑል ወይም ግላስጎ ሥራ ፍለጋ ሄዶ እዚያ የተመዘገበ ብዙ ነው። አውስትራሊያ ወይም ካናዳ የደረሰ ከሆነ ዕድለኛ ነሽ። የሁለቱም አገሮች ሙሉ ፋይሎች ተርፈዋል፤ በነፃ ይነበባሉ። የአውስትራሊያው ማውጫ የሐሰት ስምና እውነተኛውን በአንድ ርዕስ ላይ ያስቀምጣል።

በዚህ ዓይነት ሥራ ሁሌ የማስበው ሰው አልበርት ካሺየር ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በኦገስት 1862፣ በኢሊኖይ 95ኛ እግረኛ ሬጅመንት «ጂ» በተባለው ሻምበል ውስጥ የገባ፣ አጭር ቁመት ያለው አየርላንዳዊ ነው። መጻፍ አይችልም፤ በኤክስ ምልክት ነው የፈረመው። ቪክስበርግ ላይ ተዋግቷል። በ1865 በሰላም ተሰናብቶ ሶኒሚን በምትባል ትንሽ ከተማ በጉልበት ሥራ ኖረ፤ ጡረታውንም አገኘ። በ1911 መኪና ገጭቶ እግሩን ሰበረው። በኋላ ወደ አእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሲወሰድ ሠራተኞቹ በአካሉ ሴት መሆኑን አወቁ፤ ወሬው ጋዜጣ ላይ ወጣ። (ዕድሜ ልኩን እንደ ወንድ ስለኖረ እኔም «እሱ» እያልኩ ነው።) የጡረታ መሥሪያ ቤቱ «ይህ ሰው አጭበርባሪ ነው ወይስ እውነተኛው ወታደር?» ብሎ ምርመራ ከፈተ።

ምን አደረጉ? የድሮ ጓዶቹን ፈልገው አስመሰከሩ። በአንድ ድንኳን የተኙ፣ አብረው የዘመቱ ሽማግሌዎች «አዎ፣ እሱ ነው» አሉ። ጡረታው ቀጠለ። ኦክቶበር 10 ቀን 1915 ሲሞት በወታደር ልብሱ ቀበሩት፤ ድንጋዩ ላይ የዘመተበትን ስም ጻፉለት። ከዚያ የንብረቱ አስፈጻሚ ወራሽ ፍለጋ ተነሣ። ካሺየር በአየርላንድ ካውንቲ ላውዝ፣ ክሎገርሄድ በምትባል የባሕር ዳር መንደር ጄኒ ሆጀርስ ተብሎ የተወለደ መሆኑ ላይ ለመድረስ ዘጠኝ ዓመት ፈጀበት። ወራሾች ነን ያሉ ሰዎች ቀረቡ፤ ማናቸውም አላሳመኑም። 282 ዶላር ገደማ የሆነው ገንዘብ ለካውንቲው ግምጃ ቤት ገባ። በ1977 ሁለቱንም ስም የያዘ ሁለተኛ ድንጋይ ቆመለት።

ይህን የነገርኩሽ ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ያኔም ጥያቄውን የፈታው ስም አይደለም፤ አብሮት የኖረ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ ወራሾቹ ለምን እንዳልተቀበሏቸው አስቢ። ታሪኩን ያውቁታል፣ ግን አያረጋግጡም። በዚያ ጦርነት የዘመቱ የአሜሪካ ወታደሮች የጡረታ ማውጫ ዛሬም የሐሰት ስሞችን ለይቶ ይጽፋል፤ የአሜሪካ ዘመድ ያለው ሌላ አንባቢ ካለ እዚያ ይጀምር።

አሁን በቀጥታ ልንገርሽ፤ ስህተት እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ከዓመታት በፊት አንድ ቤተሰብ ተመሳሳይ ጥያቄ አመጣልኝ። የመጀመሪያ ስሙ ገጠመ፤ የእናት የልጅነት ስም ገጠመ፤ ካውንቲው ገጠመ። ደስ ብሎኝ ነገርኳቸው። ቤልጂየም ድረስ ሄደው አበባ አስቀመጡ። ከስድስት ወር በኋላ የዚያ ወታደር የሒሳብ መስመር ደረሰኝ፤ ብሩ የተከፈለው ለሌላ እናት ነበር። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ። ያን የስልክ ጥሪ እስከ ዛሬ አልረሳውም። አየርላንድ ውስጥ በአንድ ደብር ስድስት ጆን፣ ስድስቱም አንድ የቤተሰብ ስም ይዘው ታገኛለሽ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ከሌላው ያልተቀዳ ሁለት ማስረጃ ሳይኖረኝ «እሱ ነው» አልልም። ለምሳሌ የመቃብር ኮሚሽኑ መዝገብ አንድ፣ የጡረታው አድራሻ ሁለት። በኢንተርኔት ያሉ የዘር ሐረግ ዛፎች ማስረጃ አይደሉም፤ እርስ በርስ ነው የሚገለባበጡት።

ስለ ዲኤንኤ አልጠየቅሽም፣ ግን ጊዜ የሚያልፍበት ነገር ስለሆነ ልንገርሽ። ጆን ምናልባት ሳይሞት በሐሰት ስሙ ሌላ አገር ቤት ሠርቶ ኖሮ ሊሆን ይችላል። ጡረታው የእርጅና ሆኖ ከተገኘ ይህ ዕድል ይሰፋል። እንዲያ ከሆነ ልጆቹ የአማትሽ የአጎት ልጆች ናቸው፤ ከእሳቸው ጋር በአማካይ 12.5 በመቶ ዲኤንኤ ይጋራሉ። ከባለቤትሽ ጋር ግን ግማሹን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ለምርመራው ምራቃቸውን የሚሰጡት አማትሽ ይሁኑ፤ ባለቤትሽ በኋላ ይደርሳል። ፈቃዳቸውን ጠይቂ፣ ምን ሊወጣ እንደሚችልም አስረጂያቸው። የማይታወቅ የቤተሰብ ስም የያዘ ሰው በአጎት ልጅ ደረጃ ከመጣ፣ ያ ስም የጆን የሐሰት ስም ሊሆን ይችላል።

ከእሳቸው ጋር ስትቀመጪ ስልክሽን አብሪና ድምፃቸውን ቅጂ፤ አስፈቅደሽ። «አጎትዎ ማን ይባል ነበር?» ብለሽ አትጀምሪ፤ መቶ ጊዜ ተጠይቀዋል። ይልቅ አያታቸው ከየት ተድረው እንደመጡ፣ የእኚሁ አያታቸው ቤተሰቦች ማን እንደነበሩ፣ ፖስታ ቤቱ በየትኛው ከተማ እንደነበረ፣ በየትኛው ቀን እንደሚሄዱ፣ ማን ይዟቸው እንደሚሄድ ጠይቂ። ሰው ስምን ይረሳል፤ አያቱን እጇን ይዞ የሄደበትን መንገድ አይረሳም። በዕድሜ አያታቸውን ባይደርሱባቸው እንኳ ከአባታቸው የሰሙት ይኖራል።

መጨረሻ ላይ ጆን ከተገኘና ማስረጃው ከቆመ፣ ለመቃብር ኮሚሽኑ አስገቢው። እውነተኛው ስም በመዝገቡ እንዲጨመር የሚቀርብ ጥያቄን ይቀበላሉ፤ ሰነዱን ግን በጥብቅ ነው የሚያዩት።

ለአሁኑ ከአንቺ የምፈልገው ሦስት ነገር ነው። የካርዱ ፊትና ጀርባ ፎቶ፣ ማኅተሙ ቀረብ ተብሎ የተነሳ። የጆን የልደት ምዝገባ ምስል። በ1901ና በ1911 ቆጠራ የእናትየው ዕድሜ። የእናትየው የልጅነት ስም እንደደረሰኝ የሒሳቡን መዝገብ እኔ ራሴ እከፍተዋለሁ።